የአንድ ሰው አማካይ

ሰው ሌሊት ያልማል፤ እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለምኩ። ዛሬ ጠዋት ለጎረቤቴ ለዘሃራ ብነግራት «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለችኝ። ዘሃራ የማንንም ሕልም ጥሩ ነው ነው የምትለው። እናንተ ደግሞ ስሙትና የመሰላችሁን በሉ።

መጀመሪያ ልጄን ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ሕልሙ አይገባም። ትርሲት ትባላለች። ሌላ የለኝም፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ ደሴ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ እሷ ማጂ አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ማጂ የት ነው ብትሉኝ፣ ከደሴ ተነስቶ መኪና እየቀያየሩ፣ ሲመሽ አድረው ሲነጋ ተነስተው፣ ደግሞ ሲመሽ አድረው የሚደረስበት አገር ነው። በመንፈቁ ዕረፍት እመጣለሁ ብላኝ ነበር። አልጋዋን አነጠፍኩ። ዕረፍቱ ደረሰ፤ እሷ አልደረሰችም። ሮስተር ያዛት።

ሮስተር ማለት እኔ እንደገባኝ አንድ ሰፊ ወረቀት ነው። የክፍሉ ልጆች ስም ከላይ እስከ ታች ይደረደራል፤ የየትምህርቱ ማርክ ወደ ጎን ይጻፋል፤ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ አማካይ ይወጣል፤ ከዚያ አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሊት እየተባለ ደረጃ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ልጄ በእጇ ነው የምትሠራው። ያንን ወረቀት ሳታስረክብ ርዕሰ መምህሩ አይለቃትም። ስደውልላት «እማዬ፣ እየደመርኩ ነው፤ ስጨርስ እደውላለሁ» ትለኛለች። እኔም እጠብቃለሁ። ስጠብቅ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ከቤቴ ስወጣ መንገዱ በአስተማሪዎች ተሞልቷል። ሁሉም ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለዋል፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። ልጆች መነጽር አድርገው፣ ከዘራ ይዘው፣ አስተማሪዎቹን በጆሯቸው እየጎተቱ ወደ ትምህርት ቤት ይወስዷቸው ነበር። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አንድ ሽበታም ሰውዬ ላይ ትጮሃለች።

«ዛሬም ሳታረፍድ መጣህ?»

«ይቅርታ ቲቸር፤ ሰዓቴ ልክ ስለሚሠራ ነው።»

«ነገ ደግሞ ያልሠራኸውን የቤት ሥራ ይዘህ ካልመጣህ አትገባም!»

ታክሲዎቹም ሌላ ሆነዋል። ተሳፋሪዎች በሩ ላይ ተንጠልጥለው «ሾፌር! አንድ ሾፌር የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። ሾፌሮቹ ከዳር ቆመው «ሞልታችኋል፣ አንገባም» ይላሉ። እኔ ማንም አልጠራኝም። በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ዳገት ነበር፤ ወደ ታች የሚወርድ ዳገት።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በግ ነበር። ካፖርት ደርቦ ቦርሳ ይፈትሻል።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«የልጄን ካርድ ልወስድ። ትርሲት ሙላት ትባላለች።»

ትንሽ አመነዠከ። «ትርሲት ሙላት… እሷማ የክፍል ኃላፊ ናት። የሷን ካርድ አይደለም የምትወስጂው፤ ያንቺን ነው። እሷ ናት የምትሰጥሽ።»

«እኔ ተማሪ አይደለሁም! እኔ የወለድኳት ነኝ።»

«መውለድሽማ ታውቋል። ማለፍሽ ነው ያልታወቀው።»

«ብወድቅስ?»

«ትደግሚያለሽ።»

«ምኑን?»

«ብቻሽን መቀመጡን» አለ በጉ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። «ካለፍሽ ካርድሽ ላይ ‹ተዛውራለች› ተብሎ ይጻፍልሻል። ልጅሽ ጋ ትዛወሪያለሽ።»

ቦርሳዬን ፈትሾ አንድ ሽንኩርት አገኘና በላው። እኔ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ማለፍ አለብኝ አልኩ፤ በቃ።

ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም እናቶች ነበርን። በእነዚያ ጠባብ ዴስኮች ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ሥር አድርገን ተኮልኩለናል። ሰሌዳው ጣራው ላይ ነው። ከጎኔ ዘሃራ ተቀምጣለች። ዘሃራ የስምንት ልጆች እናት ናት፤ በእውኑም በሕልሙም ስምንት ነው። ቲቸሯ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ጠመኔዋ ጥቁር ነው። ስትገባ ተነስተን ቁጭ አልን፤ ቁጭ ብለን ደግሞ ተነሳን። የትኛው አክብሮት እንደሆነ ያወቀ የለም።

«ፈተና!» አለች።

ወረቀቱን ሳየው መልሶቹ ተጽፈው አልቀዋል። ባዶ የተተዉት ጥያቄዎቹ ናቸው።

«ቲቸር፣ ይሄ ተሠርቶ ያለቀ ነው» አልኳት።

«መልስማ ማንም ይመልሳል። ጥያቄውን ጻፊ።»

የመጀመሪያው መልስ «ሰሞኑን» ይላል። ብዙ አላሰብኩም፤ «መቼ ትመጫለሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው «በልቻለሁ» ይላል። «ምን በላሽ?» ብል አይገጥምም፤ «በላሽ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አራተኛው ላይ መልሱም ባዶ ነበር። መልሱ ዝም ነው፤ ለዝምታ የሚሆን ጥያቄ ደግሞ አጣሁ። ወደ ዘሃራ አየሁ። እሷም እርሳሷን እየነከሰች ወደ እኔ ታያለች።

ልጅቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ አየቻቸው። ፊቷ ቀላ።

«ተኮራርጃችኋል!» አለች። «መቼ ትመጫለሽ፣ መቼ ትመጣለህ፣ መቼ ትመጫለሽ! ሁላችሁም አንድ ነገር ነው የጻፋችሁት! ከማን ነው የቀዳችሁት?»

«ወላሂ ከማንም አልቀዳንም» አለች ዘሃራ።

«ታዲያ ከየት አመጣችሁት?»

ኋላ ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠች አንዲት እናት ቀስ ብላ «ከቤት» አለች። ሁላችንም አቀረቀርን።

ልጅቷ ትንሽ ሰው ብትሆንም አዘነችልን መሰለኝ። ደወል ደወለችና ለዕረፍት አስወጣችን። ሜዳው ላይ እናቶቹ ሁሉ ሱዚ ይዘላሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ላስቲኩን ወጥረው ይያዛሉ። የሚይዝልኝ ሰው ስላላገኘሁ ብቻዬን ሰኞ ማክሰኞ ልጫወት አልኩ። መሬት ላይ የተሠመረውን ሳየው ሳጥኑ ሁሉ ሰኞ ነው። ጠጠሬን ወርውሬ ዘለልኩ፤ ሰኞ። እንደገና ዘለልኩ፤ ሰኞ። እሑድ የቱ ጋ ነው ብዬ ከኋላዬ የቆመችውን ፍየል ብጠይቃት «እሑድ ሁለት ሰው ሲሆን ነው» አለችኝ። ጠጠሬን ወረወርኩባትና ወደ ክፍል ተመለስኩ።

ውጤት ተነበበ።

«ዘርፌ!» አለች ልጅቷ።

«አቤት ቲቸር» አልኩ።

«መጠበቅ፣ መቶ ከመቶ።»

እናቶቹ አጨበጨቡ።

«ድስት ማሳነስ፣ ሦስት።»

«ኧረ ለምን ሦስት?»

«አሁንም ለሁለት ሰው ነው የምትሠሪው።»

«ምናለበት? የተረፈው ለማግስቱ ይሆናል።»

«ለማግስቱም ለሁለት ትሠሪያለሽ። ለጎረቤት መዋሸት፣ ዘጠና። ‹በየቀኑ ትደውላለች› ያልሽው በደንብ ተሠርቷል።»

ዘሃራ ገላመጠችኝ።

«ዝም ማለት፣ ዜሮ። ኮንዳክት፣ ዲ። እልኸኛ ናት ተብሏል።»

«ማነው ያለው? ይምጣና ፊት ለፊቴ ይበል!»

«ይኸው፣ አየሽ?» አለች ልጅቷ፤ ዲውንም ወደ ኤፍ ቀየረችው።

«እሺ አማካዬስ? አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

«አማካይ እዚህ አይወጣም። ወፍጮ ቤት ወስደሽ አስፈጪው።»

ማርኮቼን በነጠላዬ ቋጥራ አሸከመችኝ። ዜሮው ቀላል ነበር። መጠበቁ ብቻውን ወገቤን አጎበጠኝ።

ወፍጮ ቤቱ ያው የምሠራበት ነው፤ ነገር ግን እህሉ ቁጭ ብሎ ሰውን ይመዝን ነበር። አንድ ጆንያ ስንዴ አንድ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሰው ሚዛን ላይ አውጥቶ «ቀለልክ፤ ሂድ ብላና ተመለስ» ይለዋል። ዱቄቱ ከታች ገብቶ ከላይ እህል ሆኖ ይወጣል። ጌታዬ ጋሽ ደምሴ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ መጥረጊያ ይዞ ይጠርጋል። ሲያየኝ መጥረጊያውን ጥሎ እጅ ነሣኝ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ዘርፌ? ይቀመጡ እንጂ።»

በእውኑ «አንቺ» ሳይል ስሜን የጠራበትን ቀን አላስታውስም። አልተቀመጥኩም።

«አማካይ ላስፈጭ ነው የመጣሁት።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋው። ወፍጮ ቤት ሞተር ሲጠፋ ጸጥታው ጆሮ ያማል።

«የአንድ ሰው አማካይ አይፈጭም፣ እትዬ።»

«ለምን አይፈጭም? የቀረበለትን ነው የሚፈጨው።»

«አማካይ ማለት መሃል ነው። መሃል እንዲኖር ዳርና ዳር ያስፈልጋል። እርስዎ አንዱ ዳር ብቻ ነዎት።»

«ሌላው ዳር ማጂ ነው።»

«ያምጡታ።»

«አትመጣም፤ እየደመረች ነው።»

«ታዲያ እርስዎ የምን መሃል ሊወጣልዎት ነው?» አለኝ። በጣም በትሕትና ነው ያለኝ፤ እሱ ነው የከፋኝ።

ዘሃራ ከኋላዬ መጣች። የስምንቱን ልጆቿን ማርክ በስምንት ቋጠሮ ተሸክማለች።

«ዘርፌ፣ አንዱን ላውስሽ» አለችኝ። «ከስምንት አንድ ቢጎድል ማን ያውቅብኛል?»

«የራሴ አለኝ።»

«የት አለች?»

«አለች አልኩሽ!»

«በይ እንግዲህ፣ አለች» ብላ ስምንቱንም ቋጠሮ ወፍጮው ውስጥ ገለበጠች። ድንጋዩ ብዙ ዞረ። በመጨረሻ አንዲት ስኒ የማትሞላ ዱቄት ወጣች። ዘሃራ በጣቷ ቀመሰችው። ደግማ ቀመሰችው።

«ማናቸውንም አይመስልም» አለች፤ ዱቄቱን በመሐረቧ ጠቅልላ እያለቀሰች ወጣች። ስምንት ልጅ ያላት ሴት ስታለቅስ ሳይ የኔ የሚብስ እንዳይደለ አሰብኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ የኔ ይብሳል አልኩ።

ጋሽ ደምሴ በሩን ሊዘጋ ተነሳ። እኔ ግን ሳላስፈጭ አልወጣም አልኩ። ቋጠሮዬን ፈትቼ ገለበጥኩና ሞተሩን ራሴ አስነሳሁት። ድንጋዩ ዞረ፣ ዞረ፣ ጮኸ። ከታች የወጣው ያው ያፈሰስኩት ነበር። መቶው መቶ ሆኖ፣ ሦስቱ ሦስት ሆኖ፣ ዜሮው ዜሮ ሆኖ ወረደ። አንዱ ከአንዱ አልተቀላቀለም።

«አላልኩዎትም?» አለ። «ልጅዎ ዘንድ ይሂዱ። በሮስተሩ በኩል ነው የሚኬደው፤ ያው በኋላ በር ነው።»

የኋላውን በር ስከፍት ሮስተሩ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ነጭ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ተነስቶ ዓይን እስከማይደርስበት ይሄዳል። ስሜን ፈልጌ አገኘሁና በስሜ መስመር ገባሁ። በሌላ ሰው መስመር መሄድ ክልክል ነው። አጠገቤ ባለው መስመር አንዲት እናት ትሄዳለች፤ እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ።

«እህቴ፣ ወዴት ነሽ?» አልኳት።

«ወደ ድምሩ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ፤ እያወራን እንሂዳ።»

«እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት መስመሯ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እሷም አብራ ታጠፈች። ከዚያ ሰው አላየሁም።

በየሳጥኑ አንድ አንድ ነገር ተቀምጧል። በአንዱ ሳጥን ውስጥ ያነጠፍኩት አልጋ አለ፤ አንሶላው አልተጨማደደም። በአንዱ ውስጥ ሁለት ሳህን አለ፤ አንዱ ታጥቧል፣ አንዱ መጀመሪያውኑ አልቆሸሸም። በሌላው ሳጥን አንዲት ሴትዮ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ጉሮሮዋን ጠርጋ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ጥሪ መቀበል…» ብላ ጀመረችና አቋረጠች።

«ኧረ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ስልክ ሳይነሳ የምትናገረዋ ሴትዮ ናት። ፊቷ እንደ ድምፅዋ ነው፤ ንጹሕ፣ የማይቆጣ።

«ታውቂኛለሽ እንዴ?»

«እንዴት አላውቅሽም? ‹ኤጭ› ብለሽ ነው የምትዘጊው።»

«አንቺን ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሌላው ሰው ገና ‹የደወሉላቸው› ስል ይዘጋብኛል። አንቺ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።»

«አንቺስ የሚደውልልሽ አለ?»

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «አንቺ አለሽ።»

አጠገቧ ትንሽ ተቀመጥኩ። ቡና እንኳ የለም ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምንም አይደል ብያት ተነሳሁ። ስሄድ ከኋላዬ «እባክዎ ትንሽ ቆይተው…» ብላ ጀምራ ተወችው።

መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ ነበር። ትርሲት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ጀርባዋን የትም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ቦርሳ በአንድ ወገን እያንጠለጠለች ስላደገች ግራ ትከሻዋ ዘንበል ይላል።

«ትርሲት!»

«አቤት እማዬ» አለች ሳትዞር።

«ዞር በይ እስቲ።»

«ስጨርስ።»

«ምንድን ነው የምትደምሪው?»

«አንቺን።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ እኮ! አንድ ሰው ምን ድምር አለው?»

«መጠበቅሽ ነው ያስቸገረኝ» አለች። «ደምሬ ጫፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ጠብቀሽ ትገኛለሽ፤ ይጨምርብኛል። ይኸው አሁንም ቆመሽ እየጠበቅሽኝ ነው። ይኸው ጨመረ።»

«እሺ፣ አልጠብቅሽም።»

ፊቴን አዞርኩ። እንደማይጠብቅ ሰው ቆምኩ። ሰማዩን አየሁ። ጥፍሬን አየሁ። የነጠላዬን ጥለት ነካካሁ።

«እየጠበቅሽ ነው» አለችኝ።

«አይደለም አልኩሽ!»

«እማዬ፣ አውቅሻለሁ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ደክሞታል። በዚህ መሃል በጉ መጣ። ካፖርቱን አውልቆ ከረባት አስሯል፤ ገና ሳይመሽ ርዕሰ መምህር ሆኗል። ሮስተሩን ከዳር እስከ ዳር አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ? ንጹሕ ነው እኮ!» ብሎ ተቆጣ። «አንድ ስርዝ የለበት፣ አንድ ድልዝ የለበት! እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም። ያልተደለዘ ነገር በምን ይታመናል?»

ትርሲት አሁንም ሳትዞር እስክሪብቶዋን ጨበጠች። «እማዬ፣ አይለቀኝም።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

ላጲስ አልነበረኝም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ በአራተኛ ክፍል ደግሞ ላጲስ የሀብታም ልጅ ዕቃ ነበር። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ መደለዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ድስት ማሳነስን ደለዝኩ፤ በቀላሉ ለቀቀ። ኮንዳክቴን ደለዝኩ። ለጎረቤት መዋሸትን ስደልዝ ከሩቅ የዘሃራ ድምፅ «መች አመንኩሽና!» ሲል ሰማሁ። ዜሮውን ስነካው ራሱ ተንከባሎ ሄደ።

መጠበቅ ነው ያስቸገረኝ። ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ መሬት ገብቷል። በጣቴ ፈተግኩት፤ በነጠላዬ ጫፍ ፈተግኩት፤ ተንበርክኬ በክርኔ ፈተግኩት።

«ይበቃል፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ነው» አለ በጉ።

«አንተ ዝም በል!»

ወረቀቱ ሳሳ። ቀለሙ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጭጋግ ሆነ፣ ከዚያ የለም። ስሜ ብቻ ቀረ።

«ስሙ ካለ መስመሩ አይዘጋም» አለ በጉ።

ስሜን አየሁት። አንድ ጊዜ ወደ ትርሲት ጀርባ አየሁ። ደለዝኩት።

«ድምር፣ ባዶ» አለች ትርሲት። «ሲካፈል፣ ባዶ። አማካይ፣ ባዶ። ጨረስኩ! እማዬ፣ ጨረስኩ!»

በጉ ማኅተሙን መታ። ካርዱም ወጣ። «ተዛውራለች» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል፤ ማን እንደተዛወረች የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነበር። ትርሲት እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሳች፤ ዞረች። ፊቷን አየሁት። ከስታለች፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ዓይኖቿ በእኔ በኩል አልፈው ከኋላዬ ያለውን ነጭ መንገድ አዩ።

«እማዬ?» አለች።

«አቤት!» አልኩ። አፌ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም።

«አሁን እዚህ ቆማ አልነበረም?» ብላ በጉን ጠየቀችው።

«ማን?» አለ በጉ።

እጄን ዘረጋሁ። ያንን ዘንበል ያለ ትከሻዋን ልይዝ ነበር፤ ሊደርስልኝ ትንሽ ሲቀረው ደወል ተደወለ፤ ዕረፍት ነው ብዬ ላልፈው ስል ደግሞ ተደወለ፤ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፤ ነቃሁ። ስልኬ ነው።

«እማዬ፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«ማን፣ እኔ? ምን ሆኜ በቀን እተኛለሁ? ጨረስሽ ወይ?»

«ጨርሼ ነበር።»

«ነበር» ያለችውን ሰማሁ።

«እማዬ፣ ባለፈው ስትደውዪ ‹ዘጠና ሰባት ኪሎ በርበሬ ብቻዬን ፈጨሁ› አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። እውነቴን ነው።»

«ጽፌዋለሁ።»

«ምን ላይ?»

«ሮስተሩ ላይ። ኢያሱ የሚባል ተማሪ አለኝ፤ አማካዩ አርባ ስምንት ነው። አንቺን እየሰማሁ ዘጠና ሰባት ብዬ ጻፍኩለት። አንደኛ ወጣ። ሮስተሩን ሳላስረክብ ካርዱ ተሰጠው፣ አባቱም ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ደገሰ። አሁን የሁሉም ደረጃ ተዛንፏል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት አልቀበልም አለ። እንደ አዲስ ልጽፈው ነው።»

«ዕረፍቱስ?»

«ዕረፍቱ በዚሁ ያልቃል፣ እማዬ።»

ሳቋ መጣ፤ ወይም ለቅሶዋ ነው፤ በስልክ አይለይም።

«እንግዲያው እስክትጨርሺ አልደውልም» አልኳት።

«ኧረ ደውዪ! ቁጥር ብቻ አትጥሪብኝ።»

«እሺ» አልኩ። እሷም ጠበቀችኝ። የኪሎ ነገር አይወራም፤ የዋጋ አይወራም፤ «መቼ ትመጫለሽ?» ማለትም የቀን ቁጥር አለበት። ቁጥር የሌለበት ወሬ ስፈልግ መስመሩ ተቋረጠ።